ሴሉ የሚይዘው ሳህኑን አይደለም

ሁለት ክብ የፕላስቲክ ሳህኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። የተሠሩትም ፖሊስታይሪን ከሚባል አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። አንዱ ለባክቴሪያ ማሳደጊያ የተዘጋጀ ነው፣ ሌላው ለእንስሳት ሴል። ከማሸጊያቸው ከወጡ በኋላ የትኛው የቱ እንደሆነ በዓይን መለየት አይቻልም።

ሁለቱም ላይ ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ቁጥሩ እኩል የሆነ ሴል ይጨመር። ከዚያ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ኢንኩቤተር ውስጥ ይደሩ። ጠዋት ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታዩ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ያህል ነው። በሴል ሳህኑ ላይ ሴሎቹ ጠፍጠፍ ብለው ተዘርግተዋል። ሳህኑን ዘንበል ቀና ቢያደርጉት ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። በባክቴሪያው ሳህን ላይ ግን አብዛኞቹ ድብልብል እንዳሉ ናቸው። እርስ በርስ እየተጣበቁ ይንሳፈፋሉ፣ ሳህኑ ሲነካ አብረው ይዋልላሉ።

እኔ ይህን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን፣ ከመደርደሪያ የተሳሳተውን ጥቅል አንስቼ ነው። ሴሎቹ የታመሙ መሰለኝ። የሚመገቡትን ፈሳሽ፣ ማለትም ሚዲየሙን፣ ቀየርኩ። ሙቀቱን ፈተሽኩ። ሌላ ጠርሙስ ከፍቼ እንደገና ሞከርኩ። ሴሎቹ ግን ደህና ነበሩ፤ ችግሩ የነበረው ከሥራቸው ባለው ሳህን ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴል አንድን ነገር ያዘ ስንል የያዘው ምኑን ነው?

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። መጻሕፍት ሕዋስ ይሉታል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ግን ሁሉም ሴል ስለሚል እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ሴል ለምን መያዝ ያስፈልገዋል? በሰውነታችን ውስጥ ነፃ ሆነው የሚዞሩት በአብዛኛው የደም ሴሎች ናቸው። የቆዳ፣ የጉበት፣ የአጥንት ሴል ግን እያንዳንዱ የተወሰነ ቦታ አለው፤ በዙሪያው ያለውን የፕሮቲን መረብ ይዞ ይኖራል። ከመረቡ ከተነቀለ ጥቂት ይቆይና ራሱን በራሱ ያጠፋል። ይህ ሕመም አይደለም፤ የሰውነት ሥርዓት ነው። የአንጀት ሴል በድንገት ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ቢያርፍና እዚያው መራባት ቢጀምር ጉድ ይፈላ ነበር። በ1994 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን አሟሟት የገለጹት ተመራማሪዎች አኖይኪስ የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ቤት አልባ መሆን እንደ ማለት ነው። የካንሰር ሴሎች ከሚጥሷቸው ሕጎች አንዱ ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ ተነቅለውም በሕይወት ይቆያሉ።

የሚይዙት ነገር እንደሚያስፈልጋቸው የታወቀው ቆየት ብሏል። አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን በ1907 የእንቁራሪት ጽንስ የነርቭ ቁራጭ በረጋ ሊምፍ (በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው) ውስጥ አስቀምጦ፣ ነርቩ ከሰውነት ውጪ ክር ሲያወጣ አየ። በ1914 ባሳተመው ሥራ ደግሞ የሸረሪት ድር ተጠቀመ። ሴሎቹ ድሩን ይዘው፣ ድሩን ተከትለው ሲሄዱ ተመለከተ። በፈሳሽ መካከል ብቻቸውን መሄድ አይችሉም፤ መደገፊያ ይሻሉ። ዛሬ ውድ በሆኑ መሣሪያዎች የምናጠናውን ነገር ሰውየው በሸረሪት ድር ማየቱ እስካሁን ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሳህኑ እንመለስ። ዋናው ነገር የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ነው፤ ሴሉ ሳህኑ ወለል ላይ ከመድረሱ በፊት።

ሴሎች የሚጨመሩት በሚዲየም ተበጥብጠው ነው። በሚዲየሙ ውስጥ ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ያህል ሴረም አለ። ሴረም ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ ነው፤ በአብዛኛው የሚወሰደውም ካልተወለደ ጥጃ ደም ነው። ውስጡ በፕሮቲን የተሞላ ነው። ፈሳሹ ሳህኑን እንደነካ ፕሮቲኖቹ ወለሉ ላይ መለጠፍ ይጀምራሉ። ሴል ከፕሮቲን አንጻር ግዙፍ ነገር ነው፣ ግን ክብደቱ ከሚዲየሙ ብዙም ስለማይበልጥ ቀስ እያለ ነው የሚሰጥመው። ጥቂት ሚሊሜትር ጥልቀት ያለውን ፈሳሽ አቋርጦ ወለሉ ላይ እስኪያርፍ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። በዚህ መሐል ምንጣፉ ተነጥፎ አልቋል። ስለዚህ ሴሉ ፕላስቲኩን ራሱን የመንካት ዕድል የለውም ማለት ይቻላል። የሚያርፈው ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) ውፍረት ባለው የፕሮቲን ምንጣፍ ላይ ነው።

ታዲያ ሴሉ የሚነካው ምንጣፉን ብቻ ከሆነ፣ ከሥር ያለው ነገር ፕላስቲክ ሆነ ብርጭቆ ምን ለውጥ ያመጣል? ብዙ ለውጥ ያመጣል። የትኛው ፕሮቲን እንደሚነጠፍና በምን ሁኔታ እንደሚነጠፍ የሚወስነው ያ ከሥር ያለው ነገር ነው።

በሴረም ውስጥ ከሁሉም የሚበዛው ፕሮቲን አልቡሚን ነው። አልቡሚን ለሴል መያዣ አይሆንም። ለመያዣነት የሚሆኑት በቁጥር የሚያንሱት ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን ናቸው። ለባክቴሪያ የተሠራው ሳህን ምንም ያልተነካ ፖሊስታይሪን ስለሆነ ውሃ ጠል ነው። አልቡሚን እንዲህ ባለ ገጽ ላይ አጥብቆ ይለጠፋል። ቦታውን አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ሌሎቹም ፕሮቲኖች ቢደርሱ ውሃ ጠል ገጽ ላይ ቅርጻቸው ይዛባል። መያዣ የሚሆነው ክፍላቸው ተጨፍልቆ ወይም ወደ ታች ዞሮ ሊቀር ይችላል። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ግን ሴሉ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም።

የሴል ሳህን በፋብሪካ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይሠራበታል። በኤሌክትሪክ ኃይል የተቀጣጠለ ጋዝ፣ ማለትም ፕላዝማ፣ ወይም ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ገጹን እንዲመታው ይደረጋል። ያኔ ኦክስጅን የያዙ የኬሚካል ቡድኖች ገጹ ላይ ይተከላሉ። ገጹ ትንሽ ውሃ ወዳድ ይሆናል፤ ኔጌቲቭ ቻርጅም ያገኛል። የሚለወጠው እጅግ ስስ የሆነው የላይኛው ንብርብር ብቻ ስለሆነ ነው በዓይን የማይለየው። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ አልቡሚን ያን ያህል አይጸናም፤ ፋይብሮኔክቲንና ቪትሮኔክቲን ቦታ ያገኛሉ፣ ቅርጻቸውም ለሴል የሚመች ሆኖ ይቆያል። በሴረም ውስጥ በተለይ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ቪትሮኔክቲን ነው። ፋይብሮኔክቲን ስሙ በይበልጥ ቢነሳም ሴረም ውስጥ ባለው የቦታ ሽሚያ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ሽሚያ ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ሊዮ ቭሮማን የተባለ በኔዘርላንድስ የተወለደ የደም ተመራማሪ ያጠናው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የሚደርሱት በብዛት ያሉትና ፈጣኖቹ ፕሮቲኖች ናቸው። ቆይቶ ግን ቁጥራቸው ቢያንስም ለገጹ ቅርበት ያላቸው ፕሮቲኖች እየመጡ የቀደሙትን ያስለቅቋቸዋል። ይህ የቦታ ልውውጥ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቭሮማን በደች ቋንቋ የታወቀ ገጣሚም ነበር። የፕሮቲኖችን ግፊያ በትዕግሥት ያየ ሰው ገጣሚ መሆኑ ለእኔ እንግዳ አይደለም።

ምንጣፉ ላይ ያለው መያዣ ራሱ ምንድን ነው? በ1984 የታተመ ሥራ መልሱን አስገራሚ በሆነ አጭር ነገር አሳየ። ፋይብሮኔክቲን ትልቅ ፕሮቲን ነው። ሴል በዋናነት የሚፈልገው ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሦስት ተከታታይ አሚኖ አሲዶችን ነው፦ አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ። ቪትሮኔክቲንም ላይ ይህችው ሦስትዮሽ አለች። ሦስቱን የያዘ አጭር ሰንሰለት ሠርተው ገጽ ላይ ሲተክሉት ሴል ይይዘዋል። ያንኑ ሰንሰለት ፈሳሹ ውስጥ ቢበትኑት ደግሞ የሴሉን እጅ ይሞላበትና ከምንጣፉ ጋር እንዳይጨባበጥ ያደርገዋል።

የሴሉ እጅ ኢንቴግሪን ይባላል። ስሙ የወጣው በ1986 ነው። በሰው ላይ 24 ዓይነት ኢንቴግሪን ይታወቃል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ምርጫ አለው። አንዱ ፋይብሮኔክቲን ይወዳል፣ ሌላው ኮላጅን፣ ሌላው ላሚኒን። ኢንቴግሪን በሴሉ ሽፋን ውስጥ ያለፈ ነው። ውጪ ያለው ጫፍ ምንጣፉን ይጨብጣል፤ ውስጥ ያለው ጫፍ ታሊንና ቪንኩሊን በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት የሴሉ አጥንት ከሚመስለው የአክቲን ክር ጋር ይያያዛል። ለመጨበጥ ማግኒዥየምና ካልሲየምን የመሳሰሉ ማዕድናት ያስፈልጉታል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ ሴሎቹን ከሳህኑ ስናነሳ እመለስበታለሁ።

ሴል ሲያርፍ ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ ድብልብል ነው፤ ጠርዙ በማይክሮስኮፕ ብርሃን ያበራል። በዚህ ሰዓት ሳህኑን ቢነቀንቁት ይንከባለላል። ጥቂት ቆይቶ መንከባለሉን ያቆማል፤ ይዟል ማለት ነው፣ ገና ግን አልተዘረጋም። ከዚያ ከሥሩ ስስ ጠርዝ ብቅ ይላል። ጠርዙ ወደ ፊት ይወጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል፤ በጨለማ ወለሉን በእጁ እየዳበሰ የሚሄድ ሰው ይመስላል። መያዣ ያገኘበት በኩል ይጸናል፣ ያላገኘበት ይሰበሰባል። የሚያበራው ጠርዝ ይደበዝዛል፣ ሴሉ ይሳሳል፣ መሐሉ ላይ ኒውክለሱ ይታያል። እንደ ሴሉ ዓይነት ከአንድ ሰዓት በታች እስከ ብዙ ሰዓታት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኢንቴግሪኖቹ በየቦታው ይሰባሰባሉ። አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፤ ሲበዙ ግን ጠንካራ ችንካር ይሆናሉ። ለመሰባሰብም መያዣዎቹ መቀራረብ አለባቸው። መያዣዎቹ ከ60 እስከ 70 ናኖሜትር አካባቢ ከሆነ ርቀት በላይ ከተራራቁ ችንካሩ በደንብ አይሠራም።

ከመዘርጋቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሙከራ አለ፤ ባወራሁት ቁጥር ይደንቀኛል። በ1997 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ፋይብሮኔክቲንን እንደ ማኅተም ነጠብጣብ አድርገው ገጽ ላይ አተሙ፤ በነጠብጣቦቹ መካከል ሴል የማይዘው ገጽ ነው። አንዳንዱ የደም ሥር ሴል በአንድ ነጠብጣብ ላይ ብቻ ታጥሮ ተቀመጠ። ሌላው በተራራቁ ትንንሽ ነጠብጣቦች ላይ እግሩን ዘርግቶ ሰፊ ሆነ። ሴሉ የጨበጠው የፋይብሮኔክቲን ስፋት በድምሩ ተመሳሳይ ሆኖ እንኳ የተዘረጋው ኖረ፤ ታጥሮ የተጨመደደው ወደ ሞት አዘነበለ። መያዝ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ሴሉ ምን ያህል እንደተለጠጠም ይቆጥራል።

አሁን ሌሎቹን ነገሮች እንያቸው። ንጹሕ ብርጭቆ ጥሩ ነው። ፕላስቲክ ከመስፋፋቱ በፊት ሴል የሚያድገው በብርጭቆ ላይ ነበር፤ ዛሬም ሴልን በደንብ አጉልቶ ማየት የሚፈልግ ሰው ስስ ብርጭቆ ላይ ያሳድጋል። ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለበት ግን ነገር ይበላሻል። ቴፍሎንና ያልታከመ የሲሊኮን ጎማ እጅግ ውሃ ጠል ናቸው፣ ብዙ ሴሎችም በደንብ አይዟቸውም። ይህን በጠብታ መመርመር ይቻላል። በገጹ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ሲደረግ ድብልብል ብሎ ከቆመ ገጹ ውሃ ጠል ነው፤ ጠፍ ብሎ ከተሰራጨ ውሃ ወዳድ። የጠብታው ጠርዝ ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን በቴፍሎን ላይ 110 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለብዙ ሴሎች የሚመቸው መሐል ላይ ያለው፣ በ60 እና በ70 ዲግሪ አካባቢ ያለ ገጽ ነው። ማዕዘኑ ፍንጭ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ አያሳይም።

መሐል ላይ መሆኑ ለምንድን ነው? ከመጠን በላይ ውሃ ወዳድ የሆነ ነገርም ሴል ስለማያስይዝ ነው። ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለው ነገር ውሃን አጥብቆ ይይዛል፤ ፕሮቲን ሲመጣ ውሃውን ገፍቶ መለጠፍ ያቅተዋል። ምንጣፍ ከሌለ መያዣ የለም። አጋሮዝ የተባለው ጄልም እንዲሁ ነው። አንዳንዴ የሚፈለገው ይኸው ነው። ሴሎቹ የሚይዙት ሲያጡ እርስ በርስ ይያያዙና ክብ ኳስ ይሠራሉ፤ ይህም ለዕጢ ጥናት ይጠቅማል።

የነርቭ ሴሎች ተራው ሳህን ብዙም አይስማማቸውም። ለእነሱ ፖሊላይሲን የተባለ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሰንሰለት ይቀባል። የሴል ገጽ በአብዛኛው ኔጌቲቭ ስለሆነ ይሳሳባሉ። ይህ አያያዝ ከኢንቴግሪን ጭብጥ ይለያል፤ ቻርጅና ቻርጅ ናቸው የሚያያዙት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ላሚኒን ይጨመርበታል፣ ነርቩ ክሩን እንዲያወጣ። ብዙ ላብራቶሪዎች የዲ ዓይነቱን ፖሊላይሲን ይመርጣሉ፤ የሴሉ ኢንዛይሞች ሊቆርጡት አይችሉም። ከተቀባ በኋላ ግን በደንብ መታጠብ አለበት። ያልተለጠፈው ትራፊ ሴል ይመርዛል።

ሴሉም የራሱ ጠባይ አለው። ማክሮፌጅ፣ ማለትም ባዕድ ነገር የሚውጠው የሰውነት መከላከያ ሴል፣ ሌሎች ሴሎች እምቢ ባሉት ያልታከመ ፕላስቲክ ላይ እንኳ ይለጠፋል፤ ማላቀቁ ነው ችግሩ። ከሰው ጽንስ ኩላሊት የመጡት፣ ሄክ 293 የሚባሉት ሴሎች ደግሞ አያያዛቸው ልል ነው። ፈሳሽ መቅጃውን ፒፔት በኃይል ቢለቁባቸው እንደ ቅጠል ይነሳሉ። አንዱን ገጽ ለሁሉም ጥሩ ነው ብሎ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

እስካሁን የተወራው ስለ ኬሚስትሪ ነው። ሴል ግን ጥንካሬንም ይለካል። ከያዘ በኋላ ይጎትታል፤ ገጹ ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚያውቀው ጎትቶ ነው። በ2006 የታተመ ታዋቂ ሥራ ከአጥንት መቅኒ የተገኙ ግንድ ሴሎችን፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጡ የሚችሉትን፣ በጄሎች ላይ አስቀመጠ። የጄሎቹ ልባስ አንድ ዓይነት ኮላጅን ነው፣ የሚለያዩት በጥንካሬ ብቻ ነው። ከ1 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) በታች ባለው፣ እንደ አንጎል በለሰለሰው ላይ ሴሎቹ የነርቭ ጠባይ አሳዩ። ከ8 እስከ 17 ባለው ላይ የጡንቻ፣ ከ25 እስከ 40 ባለው ላይ የአጥንት ጠባይ። ፖሊስታይሪን 3 ሚሊዮን ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አስቡት፣ ለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ የኖረን ሴል አውጥተን ድንጋይ ላይ ነው የምናስቀምጠው። ከዚያ ጠባዩን ጽፈን የተፈጥሮው ነው እንላለን። በበኩሌ አንድ የምርምር ጽሑፍ ሴሎቹ ምን ላይ እንዳደጉ በግልጽ ካልጻፈ ውጤቱን ለማመን እቸገራለሁ።

ሴሎቹን ለማንሳት ሲፈለግ የሚደረገው ሁሉ ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። መጀመሪያ ካልሲየምና ማግኒዥየም በሌለው የጨው ፈሳሽ ይታጠባሉ። ቀጥሎ ትሪፕሲን ከኢዲቲኤ ጋር ይጨመራል። ኢዲቲኤ ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳቸውን ማዕድናት ይለቅማል፤ ኢንቴግሪኑ ጭብጡን ያላላል። ትሪፕሲን ፕሮቲን ይቆርጣል። መታጠብ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ሴረም ትሪፕሲንን የሚያግዱ ፕሮቲኖች ስላሉት ትራፊው ሥራውን ያበላሸዋል። በደቂቃዎች ውስጥ የተዘረጋው ሴል ጠርዙን ይሰበስባል፣ እንደገና ይድበለበላል፣ እንደገና ያበራል። ሳህኑን ጎኑን መታ መታ ሲያደርጉት ይለቃል። ትሪፕሲን ግን የሴሉን የገዛ እጆችም ይቆራርጣል። ስለዚህ ጊዜው ማለፍ የለበትም፤ ሴሉም ከዚያ በኋላ ለማገገም ሰዓታት ያስፈልጉታል።

ይህ ሁሉ ከላብራቶሪ ውጪም ይሠራል። የጥርስ ሐኪም የሚተክለው ቲታኒየም ገጹ ላይ ስስ ኦክሳይድ አለ፤ ቀድሞ የሚደርስበት የደም ፕሮቲን ነው፣ የአጥንት ሴል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ቫን ቬዘል የተባለ ሆላንዳዊ ሴሎችን በፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን እንክብሎች ላይ ማሳደግ እንደሚቻል አሳይቷል። በትልቅ ጋን ውስጥ እጅግ ሰፊ ወለል ይገኛል ማለት ነው። ክትባት የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም በዚህ መንገድ ይጠቀማሉ።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ነው። በጃፓን ተመራማሪዎች ሳህኑን ሙቀት የሚለይ ፖሊመር አለበሱት። ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፖሊመሩ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ ሴል ይይዘዋል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ውሃ ጠጥቶ ይነፋል፣ የተለጠፈበትንም ይለቃል። ትሪፕሲን አያስፈልግም፤ ሳህኑን ከኢንኩቤተር አውጥቶ ማቀዝቀዝ ብቻ ነው። ሴሎቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ እንደ ስስ ጨርቅ ተገልጠው ይነሳሉ። ከሥራቸው የተነጠፈው የፕሮቲን ምንጣፍም አብሯቸው ይነሳል፤ ሳህኑ ላይ የቀረው ፖሊመሩ ነው። በ2004 የታተመ ሥራ ከአራት ሕመምተኞች የገዛ አፋቸው ሽፋን በተወሰዱ ሴሎች እንዲህ ያለ ጨርቅ አሳድጎ የተጎዳ ዓይናቸው ላይ አኖረው። ሐኪሞቹ መስፋት አላስፈለጋቸውም። ጨርቁ ከሥሩ ይዞት በመጣው ምንጣፍ ራሱ ዓይኑ ላይ ተለጠፈ።